የአባባ ሰማያዊ በር

ሰኞ፣ ሰኔ 2

አባባ ዛሬም ዕቃ ክፍል ውስጥ ሸኑ። በአንድ ሳምንት ሦስተኛው ነው። የባሌ የታሪኩ የክት ጫማ፣ የልጃችን አሮጌ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ ትናንት ያጠብኩት ብርድ ልብስ። ሁሉንም አውጥቼ አጠብኩ፤ ሰኔ ነውና የሚያደርቅ ፀሐይ የለም። የዓመት ፈቃዴ የመጀመሪያ ቀን እንዲህ አለፈ።

እሳቸው ኮታቸውን እንደለበሱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሳጥብ ሲያዩኝ ቆዩ።

"ማን ነው ያበላሸው?" አሉኝ።

"ዝናብ ገብቶ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። አመኑኝ። የባሌ አባት ናቸው፤ ሱሪያቸውን መቀየር የእኔ ሥራ መሆን አልነበረበትም። ስቀይርላቸው ሁለታችንም ግድግዳ ግድግዳውን ነው የምናየው።

ከሰዓት ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በእሳቸው ዓይን ለማየት ሞከርኩ። ሦስት በር አለ፦ የእኛ መኝታ፣ ዕቃ ክፍል፣ ሽንት ቤት። ሦስቱም ቡናማ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት እጀታ። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ኖሬበት አሁን ነው ያየሁት። ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ክፍል የምትሠራው ሰላም ባለፈው ሳምንት የነገረችኝ ይሄንኑ ነበር። "የሽንት ቤቱን በር ከሌሎቹ ለይው፤ ከግድግዳውም ይለይ። የሚያብረቀርቅ ቀለም ግን አትቀቢ፣ ነጸብራቁ ያደናግራቸዋል።"

ሠራተኛችን በግንቦት ጥላን ሄደች፤ አልፈርድባትም። ጎረቤታችን እትዬ ታደለች ከሰኔ 16 ጀምሮ፣ እኔ ሥራ ስገባ፣ ቀን ቀን አብረዋቸው ሊውሉ እሺ ብለዋል። ግን አንድ ነገር ቁርጥ አድርገው ነገሩኝ። "ምግባቸውን አበላለሁ፣ አጫውታቸዋለሁ። ወንድ አላጥብም። ሽንት ቤቱን ራሳቸው ካገኙት እሺ።"

ካላገኙት ታሪኩ ሆመቾ የምትኖረው እህቱ ጋ ሊወስዳቸው ነው። እህቱ ደግ ሴት ናት። ግን ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ ናት፤ በሩን ከውጭ ቆልፋባቸው ነው የምትሄደው። ባለፈው ጊዜ እንደዚያ ነበር የከረሙት። ሲመለሱ ለሳምንት ያህል ከበር አጠገብ አልነሳም አሉ።

ሁለት ሳምንት አለኝ። በር እቀባለሁ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3

ቀለም ቀቢው ዛሬ በስልክ ሳቀብኝ። ለአንድ በር አልመጣም አለ። ሦስቱንም በአንድ ቀለም ከሆነ፣ ያውም ከሁለት ሳምንት በኋላ።

እትዬ ታደለችን ለአንድ ሰዓት አስቀምጬ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። ሸምሱ አባቱም እዚሁ ሆሳዕና ቀለምና ሚስማር ሲሸጥ የኖረ ጉራጌ ነው፤ የቀለም ነገር ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ነርስ ስለሆንኩ "ሲስተር" እያለ ነው የሚጠራኝ።

ችግሬን ነገርኩት። ቀለሙ መለየቱ ብቻ አይበቃም። ለስላሳ መሆን አለበት። አባባ እዚሁ ከተማ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል፤ የተረፈ ክር ባዩበት መንቀል ልማዳቸው ነው። አሁን ክሩ ቀርቶ የቀለም እብጠት ሆኗል። የተነሳ ነገር በጣታቸው ካገኙ በጥፍራቸው ይቆፍራሉ፤ እስኪደማ አይተዉትም። ከወጥ ቤቱ ጎን ያለው የመኝታ ቤታቸው መስኮት ጠርዝ እንጨቱ ወጥቷል። ቡናማው በር ደግሞ በላይ በላዩ ስለተቀባ እንደ ኩፍኝ ነው።

ሸምሱ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። "ሲስተር፣ ለስላሳ ከፈለግሽ ሥራው ቀለሙ አይደለም። ከቀለሙ በፊት ያለው ነው" አለኝ። ከዚያ ዕቃውን እየደረደረ ቆጠረልኝ፦

ስፓቱላ፣ አሮጌውን ለመፋቅ።
ስቱኮ፣ ጉድጓዱን ለመድፈን።
ብርጭቆ ወረቀት፣ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ልስልስ።
ነጭ የመጀመሪያ ቅብ።
ሰማያዊ የዘይት ቀለም፣ የማያብረቀርቀው።
ቲነር። ትንሽ የስፖንጅ ሮለር። አንድ ብሩሽ ለጠርዙ።

"በሩን አውርደሽ አስተኚው። ቆሞ አይቀባም፣ ይወርድብሻል። ደግሞ በዓይንሽ አትመኚ። ዓይንሽን ጨፍነሽ በመዳፍሽ ዳሺው።"

ተሸክሜ ስመጣ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

በር ማውረድ ቀላል ይመስለኝ ነበር። የማጠፊያው ብሎን ሁሉ በቀለም ተደፍኗል። በካቻቢቴው ጫፍ አንድ በአንድ ፍቄ ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። እትዬ ታደለች ከታች ደግፈው ያዙልኝ። "እኔ በዚህ ዕድሜዬ በር አቃፊ ሆንኩ" አሉ። ሳቅን። ከሳቅን ቆይተናል።

በሩን በጓሮ በረንዳ ሁለት አግዳሚ ላይ አስተኛሁት። እጀታውንና የውስጡን መቀርቀሪያ ነቀልኩ፤ መቀርቀሪያው አይመለስም፣ ቆልፈውት ቢቀሩስ። ከዚያ መፋቅ። አንዳንዱ እንደ ቅርፊት ይነሳል፤ አንዳንዱ ከእንጨቱ ጋር ተጋብቷል። ከሰዓት በኋላ መዳፌ ውሃ ቋጠረ። በሥራዬ ስንት ክንድ ነው በመርፌ የምወጋው፣ እጄ ግን እንዲህ ታሞ አያውቅም።

ሽንት ቤቱ ላይ አንሶላ ጋረድኩ። አባባ ሄደው ጫፉን ያዙና ገለበጡት። "ጠርዙ አልተቀመቀመም" አሉ። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩት። ወደ ውስጥ አልገቡም። ትንሽ ቆይቶ ሱሪያቸው ረጥቦ አገኘሁት።

ዕቃ ክፍሉን ቆልፌዋለሁ። ቢያንስ ጫማው ይተርፋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ጠዋት በሻካራው ወረቀት እየፈገፈግኩ ነበር። ድምፁ ሌላ ነገር አያሰማም። ቀና ስል የአባባ ወንበር ባዶ ነው። ቤት ውስጥ የሉም። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ዘግቼዋለሁ ብዬ ነበር፤ አልዘጋሁትም።

በነጠላ ጫማ ወጣሁ። ፀጉሬ ላይ ብናኝ፣ ፊቴ ላይ ማስክ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ "አባባ፣ አባባ" እያልኩ ተጣራሁ። ሦስት ሽማግሌዎች ዞሩ። የእኔው አባባ የሉበትም።

ከጤና ጣቢያ የሚያውቀኝ አንድ የባጃጅ ሾፌር አቆመ። "ሲስተር፣ ማንን ነው?"

"የባሌን አባት። ኮት ለብሰዋል። ያማቸዋል፣ ይረሳሉ።"

"ግቢ። ስማቸው ማን ነው? በየመንገዱ ልጠይቅልሽ።"

አፌ ተያዘ። እኔ የአንጋጫ ልጅ ነኝ። በእኛ በከምባታ ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም፤ ባሊሻ ይባላል። እናቴ በአማቷ ስም መነሻ የሚጀምር ቃል እንኳ እስከ ዛሬ ትሸሻለች፤ በሌላ ቃል ትተካዋለች። እኔ ልማዱን ያን ያህል አልጠበቅኩም፣ ከተማ ነው ያደግኩት። ስማቸውን ግን በሃያ አንድ ዓመት ትዳሬ አንድ ቀን ከአፌ አላወጣሁም። ካርድ ክፍል ሲጠይቁኝ መታወቂያቸውን ነው የማሳየው። እዚህ ደብተር ላይም አባባ ብቻ ነው የምለው።

ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ጠበቀ።

"ኤርሲዶ" አልኩ። "አቶ ኤርሲዶ።"

ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ግን ማቆም አልቻልኩም። አንገቴን ከባጃጁ አውጥቼ በየመታጠፊያው ጮህኩት። ሾፌሩም አብሮኝ ጮኸ።

ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊዎች የሚቀመጡበት በረንዳ ላይ አገኘናቸው። የሰው ሱሪ ጭናቸው ላይ ዘርግተው የተረፈ ክር ይለቅማሉ። ከፊታቸው ቆሜ "አባባ" አልኩ። ቀና አላሉም። "አቶ ኤርሲዶ" ስል ቀና አሉ።

"አቤት" አሉኝ።

እሳቸው ረጋ ብለው አዩኝና "ልብስሽ ለቅዳሜ ይደርሳል" አሉ።

የስፌት መኪናው ባለቤት፣ ጎልማሳ ልብስ ሰፊ፣ "ስማቸውን ብንጠይቃቸው ሥራ ላይ ነኝ አሉን፤ እኛም ተውናቸው" አለኝ። ሱሪውን ከእጃቸው ቀስ ብሎ ተቀበለ። "እናመሰግናለን፣ ጨርሰውልናል" አላቸው። ተነስተው ተከተሉኝ።

በሩን ዛሬ አልነካሁትም።

ዓርብ፣ ሰኔ 6

ጠዋት አንጋጫ ደወልኩ። እማዬ በከምባትኛ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ድንቹ ነገረችኝ። ከዚያ ነገርኳት።

"ስማቸውን ጠራሁ።"

"ሰው ሰማ?"

"መንገዱ ሁሉ ሰማ።"

"እሳቸውስ ሰሙ?"

"ሰሙ። አቤት አሉኝ።"

"እንግዲያው ምን ታደርጊ ነበር" አለችና ወደ ድንቹ ተመለሰች። ስልኩን ስዘጋ ደረቴ ትንሽ ቀለለኝ።

ስቱኮውን ጉድጓዱ ሁሉ ላይ ሞላሁ። ሲደርቅ በመካከለኛው ወረቀት ፈገፈግኩ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ፣ ነጩን የመጀመሪያ ቅብ ቀባሁ። የግቢው በር ላይ ቁልፍ አለ፤ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። በየአምስት ደቂቃው ዞሬ ወንበራቸውን አያለሁ።

ማታ ታሪኩ ከሀደሮ መጣ። በወረዳው የውሃ ባለሙያ ነው፤ ሳምንቱን እዚያ ነው የሚውለው። ጫማው ጭቃ፣ ዓይኑ ቀይ። የሐሙሱን ነገርኩት። ስማቸውን መጥራቴን ግን አልነገርኩትም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

"ብዙነሽ፣ እያለቅሽ ነው" አለኝ። "ለእህቴ ደውያለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት መጨረሻ ይምጡ ብላለች።"

"በሩን ልጨርስ።"

"በር ምን ያደርጋል?"

"አላውቅም። ልጨርሰው።"

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ታሪኩ ሲነሳ ሐሳቡን ቀይሮ ነበር። ወይም አዝኖልኛል። "ዛሬ እኔ እጨርሰዋለሁ፤ አንቺ ተኚ" አለኝ።

መተኛቴ ነው ጥፋቱ።

ስነሳ በሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። "ዝናቡ በረንዳው ላይ እየረጨ ነበር፣ ለዚያ አቆምኩት" አለ። ሳያቀጥን ነው የቀባው፣ በትልቁ ብሩሽ፣ አንዴ በወፍራሙ። እንዲያልቅ ፈልጎ። ቀለሙ ከላይ እየወረደ ታች ተጠራቅሟል፤ እንደ ሻማ። የብሩሹ ፀጉር እዚህም እዚያም ተጣብቋል።

"ሲደርቅ ይስተካከላል" አለ።

ብሩሹን ተቀብዬ አጠብኩለት። ሲደሰት ካየሁት ቆይቷል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቅዳሴ ሄድኩ። ታሪኩ አባቱን እየጠበቀ ሊቆይ። ስመለስ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ሳምንቱን ሙሉ መስክ ውሎ፣ ምን ይደረግ።

አባባ ጓሮ ውስጥ በሩ ፊት ተንበርክከዋል። የወረደውን ቀለም አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ላዩ ደርቋል፣ ውስጡ እርጥብ ነው። ጥፍራቸው ሰማያዊ፣ ኮታቸው ሰማያዊ፣ የሌባ ጣታቸው ጫፍ ይደማል። አላዘኑም፣ አልተደናገጡም። ሥራቸውን ነው የሚሠሩት።

ታሪኩ ድምፄን ሰምቶ መጣ። ጣታቸውን አየ። በሩን አየ። እኔን አላየኝም።

አጠገባቸው ተንበረከከ። "አባዬ፣ ይበቃል። ጨርሰሃል" አለ በሀዲይኛ። ከዚያ ውሃ አሙቆ ራሱ አጠባቸው። እጃቸውን ብቻ አይደለም፤ መላ ሰውነታቸውን፣ መኝታ ቤታቸው አስገብቶ በሩን ዘግቶ። ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም። ሲወጣ ፊቱ ገርጥቷል።

"ይሄን በየቀኑ ነው የምታደርጊው?"

"በየቀኑ ባይሆንም።"

ፎጣውን እያሰጣ "እስከሚቀጥለው እሑድ እንይ" አለ። "ካልሆነ መኪና ይዤ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ትናንት አልጻፍኩም። ትናንት ቀለም ፋቅኩ። ዛሬም ፋቅኩ። ያልደረቀ ቀለም ከደረቀው ይብሳል፤ ወረቀቱ ላይ ይጠቀለላል፣ ይደፍነዋል። ታሪኩ በአንድ ጠዋት የቀባውን ለማንሳት ሁለት ቀን። ታች ያለው ጥግ ላይ ስደርስ አለቀስኩ፤ ብዙ አይደለም። ከዚያ ማስኩን መልሼ አጠለቅኩ።

ለሸምሱ ደወልኩለት። አልሳቀብኝም።

"ባልሽ ቶሎ ማለቅ ፈልጎ ነው፤ ሁሉም እንደዚያ ነው" አለ። "አሁን ስሚኝ። ቀለሙን በቲነር አቅጥኝው። በአሮጌ ስቶኪንግ አጥልይው። ቤት ውስጥ አስገቢው፣ ወለሉን ውሃ እርጪበት፣ ብናኝ አይነሳም። በስፖንጁ ስስ አድርገሽ ቀቢና ዞር በዪ። መጥፎ ይመስላል። አትመለሺበት።"

አሥር ሰዓት ላይ ጨረስኩ ብዬ አባባን ጠራኋቸው። ለምን እንደጠራኋቸው እንጃ። መጡ። መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳረፉ፤ ጨርቅ የሚያስተካክሉ ይመስል ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው አወረዱት። መሃል ላይ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ቋጠሮ አለ" አሉ።

ዓይኔን ጨፍኜ ነካሁት። አለ። እኔ አራት ጊዜ አልፌዋለሁ። በልስልሱ ወረቀት አስተካከልኩት። እንደገና ነኩት፣ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፣ ሄዱ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

በሩን ወደ ሳሎን አስገባሁት። ሶፋውን ገፋሁ፣ ወለሉን ረጨሁ፣ መስኮት ዘጋሁ። የመጀመሪያው ስስ ቅብ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ነጩ ከሥሩ ይታያል፤ የታመመ ሰው ጥፍር ይመስላል። ብሩሹን አንስቼ ልደግመው ዳዳኝ። ራሴን ከሳሎን አስወጣሁና ቆለፍኩት።

አባባ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር ወጥ ቤት ነበሩ። የቡላ ገንፎ ሠራሁላቸው፣ በሉ። በየሁለት ሰዓቱ እጃቸውን ይዤ አንሶላውን ገልጬ ሽንት ቤት አስገባቸዋለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። ዛሬ አንድም ሱሪ አልረጠበም። ግን እኔ ስለያዝኳቸው ነው። እትዬ ታደለች አይዙም።

ዝናቡ አላቆመም። ቀለሙ ቶሎ አይደርቅም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ጠዋት ጣቴን በጠርዙ ነካሁ። ደርቋል። በልስልሱ ወረቀት በጣም ቀስ ብዬ አሸሁት፣ በጨርቅ ጠረግኩ፣ ሁለተኛውን ቅብ ቀባሁ። ነጩ ጠፋ። ቆሜ አየሁት። ምንም የለበትም፤ ፀጉር የለ፣ የወረደ የለ። በልኩ ሰማያዊ ነው፤ ደማቅም አይደለም፣ ጨለማም አይደለም።

ለማንም አልተናገርኩም። ሳሎኑን ቆልፌ ሻይ ጠጣሁ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ዛሬ የምሠራው ነገር አለመንካት ነው።

በፈቃዴ ላደርጋቸው አስቤ የነበሩ፦ አንጋጫ እናቴ ጋ ሦስት ቀን። ጥርሴን መታየት። ፀጉሬን መሠራት። እንቅልፍ። ከአለመንካት በስተቀር አንዱም አልሆነም።

ታሪኩ ደወለ። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነው፣ በዚህ ሳምንት አይመጣም። "እሑድ ማታ ንገሪኝ። ካልሆነ ሰኞ መኪና ለምኜ እመጣለሁ" አለ። ድምፁ ሊወስዳቸው የማይፈልግ ሰው ድምፅ ይመስላል። ወይም እኔ ነኝ እንደዚያ የሰማሁት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

በሩ ተሰቀለ። እትዬ ታደለች ከታች ያዙ፣ እኔ ብሎን አጠበቅኩ። እጀታውን አጥብቄ መለስኩ። አንሶላውን አወረድኩ። ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ሰማያዊ በር፣ ግራና ቀኙ ቡናማ። ልጅ እንኳ አይስተውም።

አባባ ሳቱት።

ከምሳ በኋላ ተነሱ። ተከትያቸው ቆምኩ። በሰማያዊው በር ፊት አለፉ፣ የዕቃ ክፍሉን እጀታ ሞከሩ፣ ተቆልፏል፣ የእኛን መኝታ ከፈቱ። አልጋው ጫፍ ላይ ሸኑ።

እትዬ ታደለች ሳሎን ሆነው ሰሙ። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ፍራሹን ወደ ውጭ ጎትቼ ኮሪደሩ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። ከመቀመጤ የተነሳ ነው ያየሁት። በሩ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው፤ እኔ ቀለሙ እንዳይጣበቅ ብዬ ወለል አድርጌ ከፍቼው ትቻለሁ። አባባ ያለፉት በሰማያዊ በር ፊት አይደለም። ያለፉት በጨለማ ጉድጓድ ፊት ነው። ሰማያዊው ውስጥ ተደብቋል።

ዘጋሁት። የኮሪደሩን አምፖል አበራሁ።

አሥር ሰዓት ላይ ተነሱ። አልተከተልኳቸውም፤ ጉልበትም አልነበረኝም። ከወጥ ቤት ሆኜ ብቻ አየሁ። ኮሪደሩ መሃል ቆሙ። ሰማያዊው ጋ ሄዱ። መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ ከላይ ወደ ታች። ጥፍራቸው የሚይዘው አላገኘም። እጀታውን ያዙ፣ ገቡ።

አንዴ ነው። አንዴ ምንም ማለት አይደለም።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሌሊቱን አምፖሉን አላጠፋሁም። ጠዋት ስነሳ ሱሪያቸው ደረቅ ነው። ከቁርስ በኋላ ገቡ። ረፋዱ ላይ ግን ጓሮ ወጥተው ግድግዳ ሥር ሸኑ፤ ያየሁት ሲጨርሱ ነው። ሁለት ለአንድ። ለታሪኩ ምን ብዬ እንደምነግረው እያሰብኩ ሽንኩርት ከተፍኩ። ነገ የክትባት ቀን ነው፤ እናቶቹ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ነው የሚሰለፉት። መቅረት አይቻልም።

ሰባት ሰዓት ላይ እትዬ ታደለች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። አልተቀመጡም። የትናንቱን አላነሱም፣ እኔም አላነሳሁም። "ብዙነሽ፣ እኔ እኮ አንቺን ማስቀየም አልፈልግም" ብለው ጀመሩ። ቀጣዩን አውቀዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ ጠበቅኩ።

"ቆይ" አሉ፣ "መንገዱ ረጅም ነበር፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት ልግባ።"

በኮሪደሩ ሄዱ። እኔ አባባ በረንዳ ላይ ያሉ መስሎኝ ነበር። እትዬ ታደለች የሰማያዊውን በር እጀታ ሲይዙ ከውስጥ በሩን ኳ፣ ኳ የማድረግ ድምፅ መጣ።

"ሰው አለ" አሉ አባባ።

እትዬ ታደለች እጃቸውን ከእጀታው ላይ አነሱ። ዞረው አዩኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ግድግዳውን ተደግፈው ተራቸውን ጠበቁ።